ድሪቶ ለአራስ ልጅ

«ድሪቶ» የሚለው ቃል ከአፋችን የሚወጣው ብዙ ጊዜ በንቀት ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ጂስ ቤንድ በተባለች መንደር ጥቁር እናቶች ከአረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት ድሪቶ ግን በ2002 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። እነርሱ ሲሰፉ ያሰቡት የቤተሰባቸውን ብርድ ነበር።

እኛም በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ ቁርጥራጭ ሰብስበን፣ ችግረኛ እናቶች አራስ ልጆቻቸውን የሚያለብሱት ትንንሽ ድሪቶ እንሰፋለን። አንዲት እኅት «ለድኃ የምንሰጠው ትራፊ ነውን?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ሊናቅ አይገባውም። በኢዮጴ የነበሩ መበለታት ጣቢታ የሠራችላቸውን ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ማሳየታቸውን እናውቃለን፤ በእርግጥ ትራፊ ለሰጠ ሰው እንዲህ አይለቀስም። እኔ እንደማምነው ትራፊው ጨርቁ ብቻ ነው፤ በትራፊ ልብ ከሰፋን ደግሞ ስፌቱ ራሱ ያጋልጠናል።

ጨርቁ አስቀድሞ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካሬ ይቆረጣል። ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ተብሎ ሲሰፋ፣ ከእያንዳንዱ ካሬ የሚታየው 11 ሴንቲ ሜትር ነው። 6 በ6 የተደረደሩ 36 ካሬዎች ለአራስ ይበቃሉ። (በቀለም አደራደር እኅቶች ይከራከራሉ፤ እኔ አልገባበትም።) እያንዳንዱ ስፌት በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ጠልቆ ቢገባ፣ 5 ስፌት ያለው ረድፍ በ2 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ማዕዘኖቹም ከጎረቤት ረድፍ ጋር አይገናኙም። ያን ጊዜ መፍታት ነው።

ልትጀምሩ ብትወዱ፣ ጨርቁን ሳትቆርጡ እጠቡት። አዲስ ጥጥ በውኃ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ፣ ሲጨማደድ የምታየው አራሷ ናት።