ፍሬንና ንፋስ

ሰው መኪና ሲገዛ መካኒክም አብሮ እንደሚገዛ ማንም አይነግረውም። እኔ የተረዳሁት አሮጌዋን ቮልሴን ይዤ ላፍቶ ከገባሁ በኋላ ነው። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር ለአንድ ጉድለት ገብቼ ለሦስት ከፍዬ የምወጣ እየመሰለኝ፣ «ለምን እኔው አልሠራትም?» አልኩ።

መቼም ቮልስ ጀማሪን ታደፋፍራለች። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና ራዲያተር የላትም። ከኋላ ኮፈኗን ከፍቶ ካንዴላ መፍታት፣ ፑንቲና ማጽዳት፣ ቺንጋ መቀየር፣ ካቻቢቴና ቁልፍ ላለው ሰው አይከብድም። ዕቃውን ከሶማሌ ተራ እየገዛሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቱታ ለብሼ ከሥሯ መተኛት ጀመርኩ። ጎረቤት «እንዴት ነው ኢንጂነር?» ሲለኝ ደስታዬን አልደብቅም። ኪሴም አረፈ።

ድፍረቴ አደገና ወደ ፍሬኑ ተሻገርኩ። የፍሬን ሸራውን ቀየርኩ፤ የሚያፈሰውንም ፖምፓ በአዲስ ተካሁ። ልጄ መሪው ጋ ተቀምጣ ፍሬን እየረገጠች፣ እኔ ከታች ብሎን እያላላሁ አየር አወጣን። ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ነዳሁ፤ ያዘ። ጨረስኩ አልኩ።

አዲስ አበባ ግን ግቢ አይደለችም። 3000 ሜትር ከሚያልፈው ከእንጦጦ ጀምራ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ሰኞ ማታ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑን ብረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደጋግሜ ረገጥኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ከፊቴ ካለው ታክሲ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆመች። ልጄ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «አባዬ፣ እኔ በደንብ አልረገጥኩም ነበር?» አለችኝ።

በማግስቱ ንፋስ ስልክ ወዳሉት፣ ትቻቸው ወደ ነበሩት ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። አንዴ ብቻ ረገጡና «አየር አለው» አሉ። «አየር ስታወጣ የፍሬን ዘይቱ እንዳይጎድል ትሞላ ነበር?»

«አልሞላሁም ጋሼ።»

«እንግዲያው አንዱን አየር ስታወጣ ሌላውን አስገባህ። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ እግርህ ያዘዘውን ለጎማው ያደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። ልጄ፣ ንፋስ መልእክት ቢያደርስ ነው ሰፈሩን ንፋስ ስልክ ያሉት፤ በፍሬን ቧንቧ ግን መልእክት አያደርስም!»

ከሩቁ ጎማ ጀምረው፣ ዘይቱን እየሞሉ፣ እንደ አዲስ አወጡት። ከዚያ መኪናዋን ሳያስረክቡኝ፣ ቁልቁለቱን መጀመሪያ ራሳቸው ነድተው ተመለሱ። ለመካኒክ የሚከፈለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለንን አሮጌ መኪና መያዝ ግድ ሆኖብናል። ስለዚህ ቱታዬን አልጣልኩም። ሕግ ግን አውጥቻለሁ፦ ቢበላሽ መኪናዋን የሚያቆማትን እኔ እሠራለሁ፤ ቢበላሽ እንዳትቆም የሚያደርጋትን ለእሳቸው እሰጣለሁ።

ያን ማታ ቤት ስገባ በመጀመሪያ ያደረግሁት ለልጄ መልሷን መስጠት ነበር። «አንቺ በደንብ ረግጠሻል» አልኳት። «ያልቻለው አባትሽ ነው።»