ሄሊኮፕተሩ ከመነሣቱ በፊት፦ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ከአየር ስለ ማየት

ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚደረግ በረራ አብዛኛው ሥራው የሚያልቀው በምድር ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ይህ እውነት ይበልጥ ይጎላል። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ የጋይንትን ደጋ አቋርጦ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ስለዚህ የተመራማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ካሜራው ሳይሆን ስለዚህ ቁልቁለት ሊሆን ይገባል።

ከአንድ አምባ 500 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር ከፍታውን ሳይለውጥ 1,000 ሜትር ጥልቀት ያለውን ገደል ቢሻገር ከመሬት ያለው ርቀት በሦስት እጥፍ ያድጋል። በአምባው ላይ 10 ሳንቲሜትር ይሸፍን የነበረው የምስሉ ነጥብ በገደሉ ሥር 30 ሳንቲሜትር ይሸፍናል፤ ከላይ የታየው የእርከን ድንጋይ ከታች ይጠፋል። በመሆኑም የበረራው መስመር እንደ ምድሩ ከፍታ ተከፋፍሎ ይነደፋል። ተከታታይ ምስሎችም 60 በመቶ ያህል እንዲደራረቡ ይታቀዳል፤ መደራረብ ከሌለ ከፍታና ጥልቀት አይለካምና።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው። በጉና ራስ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሄሊኮፕተር በአንድ ቦታ ቆሞ ለመንሳፈፍ ይቸገራል፤ ሙቀት ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። አብራሪው የንጋትን ቅዝቃዜ የሚመርጠው ለዚህ ነው። ንጋት ግን የረጅም ጥላ ሰዓት ነው፤ ሸለቆው በጨለማ ይዋጣል። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ለሥራው የሚበቃ ከፍታ የምታገኘው ከጥዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ አብራሪውና ተመራማሪው የሚስማሙበት ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ወሩን የሚወስነው ደግሞ ጥያቄው ነው። ሰብል የሚያጠና መስከረምን፣ የቤተ ክርስቲያን ደን የሚያጠና አዝመራው የተሰበሰበበትንና አረንጓዴው ከደረቀው ማሳ ተለይቶ የሚታይበትን በጋ ይመርጣል። በጥያቄ የተመራ ምስል ዋጋው አያረጅም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያነሷቸው ወደ 34,000 የሚጠጉ የአየር ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ተቀምጠው ቆይተው ለምርምር በቅተዋል። የተነሡት ለጦርነትና ለካርታ ነበር። ሆኖም የ1938ቱን የደቡብ ጎንደር ምስሎች ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የቤተ ክርስቲያን ደኖች ስፋት በአመዛኙ እንደጸና፣ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን እየጠፋ እንደሄደ አሳይተዋል።

ከላይ የሚታየው ግን የዛፉ አናት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በእግራቸው ገብተው ሲያጠኑ 168 እንጨታማ የዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ ለመተካት እንደሚቸገርም አሳይተዋል። ከአየር ሙሉ የሚመስል ደን ከሥሩ ወራሽ የሌለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከበረራው በፊት ወደ ጥቂት ደኖች ገብቶ ችግኝ መቁጠር ከዝግጅቱ ዋና ክፍል ይመደባል።

የመጨረሻው ዝግጅት ከሕዝቡ ጋር ነው። ከአየር የሚሰማ ድምፅ ሁልጊዜ መልካም ነገር ይዞ ለማይመጣበት አገር፣ የበረራ ፈቃድ ከመሥሪያ ቤት ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ቄሰ ገበዙ፣ የቀበሌው ሽማግሌና እረኛው ቀኑንና ምክንያቱን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል፤ በገደል አፋፍ የሚግጥ ከብት ቢደነብር የሚተካው የለም። ከላይ ለሚያይ አብራሪ ክብ፣ ደልዳላና ከዛፍ የጸዳው ዐውድማ የተመቸ ማረፊያ ይመስላል። ለደኑ ጥናት የተመረጠው ወር ግን የውቂያ ወር ነው፤ የሄሊኮፕተሩ ነፋስ የዓመቱን እህል በቅጽበት ከገለባው ጋር ይበትነዋል። ዐውድማው የማን እንደሆነ፣ ምርቱስ መቼ እንደሚገባ ሳይጠየቅ በካርታ ላይ የማረፊያ ምልክት ሊደረግበት አይገባም።