እንጨት ሲታረቅ

በአገራችን ዱላ የሚያዘጋጅ ሰው ጠማማውን እንጨት እሳት ላይ ያሞቅና በእጁ እየተጫነ ያቀናዋል። ይህን ሥራ «ማረቅ» እንለዋለን። ልጅን ከመጥፎ ጠባይ መመለስንም የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። የቃሉ ትርጉም በደንብ የገባኝ ግን እዚህ ባዕድ አገር፣ ጊታር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

ነገሩ የመጣው በልጄ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ የ15 ዓመት ልጅ ነው። እኔ ክራር ተማር አልኩ፤ እሱ ጊታር አለ። ለሁለት ወር ያህል ተኳረፍን። በመጨረሻ እናቱ «ከምትኳረፉ አብራችሁ አንድ ነገር ሥሩ» ብላ ገላገለችን። በሠፈራችን ጊታር የሚሠሩ አንድ ጡረተኛ አዛውንት ስላሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ዘንድ መሄድ ጀመርን።

የጊታር ትልቁ ጭንቅ ጎኑ ነው። እያንዳንዳቸው ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ጣውላዎች 2 ሚሊ ሜትር እስኪሆኑ ድረስ ተልገው ይሳሳሉ። የቫዮሊን ጎን እንዲያውም የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ከዚያ ጣውላው በውሃ ርሶ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ እየተገፋ ይጎብጣል። ቱቦው መጋሉ የሚታወቀው የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት እየተንጫጫ ሲዘል ነው።

የእንጨትን ክሮች እንደ ኮላ አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። እርጥብ ሆኖ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠነክራል፤ እንጨቱም በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ታዲያ የለሰለሰ እንጨት መጨመቅን ይችላል እንጂ መወጠርን ብዙም አይችልም። ሲጎብጥ የውስጡ ገጽ ይጨመቃል፣ የውጪው ይወጠራል፤ የሚሰነጠቀውም በውጪው በኩል ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከውጪ በኩል በስስ ቆርቆሮ ይደግፉታል።

እኛ የመረጥነው ዋልነት ነው። ስመ ጥሩ የብራዚል ሮዝዉድ ዛፉ እየተመናመነ በመምጣቱ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ ተገድቧል። የእኛም እንጨት ቢሆን ትርፍ አልነበረውም፤ ከተሰበረ ሌላ መግዛት ነው።

የጊታሩ ወገብ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ከሁሉ የጠበበው መታጠፊያ እዚያ ነው። ጣውላውን የያዘው ልጄ ነበር። ቶሎ እንዲገላገል ብዬ ላግዘው እጄን ስዘረጋ፣ ዓይኑን ከቱቦው ሳያነሣ «ቆይ አባዬ፣ ገና ነው» አለኝ፤ ያውም በአማርኛ። እጄን ሰበሰብኩ። ጥቂት ቆይቶ እንጨቱ እንደ ቆዳ ለዘብ አለና ዞረ። ወዲያው ፎርማው ውስጥ አስገብተን በሞርሳ አጠበቅነው፤ ካልታሰረ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳልና።

ወደ ቤት ስንመለስ «የእኛ አገር መሣሪያ ለምን እንዲህ አይጎብጥም?» ብሎ ጠየቀኝ። የመሰንቆ ገላ ከአራት ጣውላዎች ተገጥሞ ቆዳ እንደሚለብስ፣ ድምፁን አጉልቶ የሚያወጣውም ያ የተወጠረ ቆዳ እንደሆነ ነገርኩት። «እንግዲያው የሚከብደው ቆዳውን መወጠሩ ነዋ!» አለ። ክራር ተማር እያልኩ ስጨቀጭቀው በከረምኩበት ሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

በስደት ልጅ የምናሳድግ ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ «ቋንቋው ጠፋ፣ ባህሉ ጠፋ» ነው። ስጋቱ እውነት ነው፤ እኔም አለብኝ። ነገር ግን አዛውንቱ ስለ እንጨት የነገሩንን ልብ ልንለው ይገባል። እሳት ብቻውን ደረቅ እንጨትን ያሳርረዋል። ውሃ ብቻውን ያረጥበዋል እንጂ አያጎብጠውም። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ጊዜም ሲሰጠው፣ እንጨቱ ይታዘዛል። ብዙዎቻችን እሳቱ አላነሰንም፤ ያነሰን ውሃውና ትዕግሥቱ ነው። ልጆቻችንን ከመምከራችን በፊት አብረናቸው አንድ ሥራ እንያዝ፤ ምግብ ማብሰልም ይሁን፣ አትክልት መትከልም ይሁን፣ ጊታርም ይሁን። እጅ ሥራ ላይ ሲውል አንደበትም ይፈታል።

ጊታሩ ገና ክር አልተወጠረበትም። ቀጥሎ የምንሠራውን ግን ልጄ ከወዲሁ መርጧል፤ መሰንቆ ነው። ለዚያም ፍየል ቆዳ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙን ደስ ይለናል።