ገመዱን ማን ይቀጥለው?

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ «ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ፣ እግዚአብሔር ታዲያ የት ነው ያለው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? «እንዲህ አይጠየቅም!» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን እኛ በቤታችን ያልመለስንለትን ጥያቄ ሌላ ሰው በመንገድ ይመልስለታል።

እኔና ባለቤቴ በምናገለግልበት በጋምቤላ ከተማ ጥያቄው የተነሣው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ስለ ባቢሎን ግንብ ስናጠና፣ አንዲት የኑዌር ልጅ አያቷ ያወጉላትን ተረት ነገረችን። ድሮ ከሰማይ ወደ ምድር የወረደ ገመድ ነበረ። ያረጀ ሰው በገመዱ ይወጣና ወጣት ሆኖ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ግን ጅብ ገመዱን ቆረጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሟች ሆነ። ተረቱ ሲያልቅ ትልልቆቹ ልጆች ሳቁ። «አሁን እኮ ሮኬት አለ!» አላት አንዱ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

ሳቁ አሳዘነኝ። እንግሊዛዊው ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ኑዌሮች እምነት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተረት መዝግቦታል። ተረት እንደ እግዚአብሔር ቃል አይታመንም። ይህ ተረት ግን አንድ ነገር አልሳተም፦ ሰውን ከሰማይ ጋር ያገናኘው የነበረው ነገር ተቆርጧል፤ ሞትም ገብቷል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን ለሚያነብ አማኝ ይህ እንግዳ ወሬ ነውን?

ሮኬቱንስ ምን እንበለው? አንዳንድ ወገኖች «ይህ ሁለተኛው ባቢሎን ነው» ይላሉ። ወገኖቼ፣ የባቢሎን ሰዎች ኃጢአት ከፍታው ሳይሆን ለራሳቸው ስም ለማስጠራት መነሣታቸው ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ነበረች። የተላከችውም እርሻችንን፣ ደናችንንና ውኃችንን ከላይ እንድታሳየን ነው። ባሮ ሞልቶ መንደር ሲያጥለቀልቅ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ዕውቀት አይንቅም። ምድርን እንድንጠብቅ አደራ የሰጠን እግዚአብሔር ነውና።

ይሁን እንጂ ሮኬት የተቆረጠውን ገመድ አይቀጥልም። ዩሪ ጋጋሪን በ1953 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ወጥቶ «እግዚአብሔርን አላየሁም» አለ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። በበረራው ላይ ከተቀዳው ንግግሩ ውስጥ ግን ይህ ቃል የለም። ቢለውስ ኖሮ? ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዚህ መልስ ሰጥቶ ነበር፤ እግዚአብሔርን በጠፈር መፈለግ ሼክስፒርን በራሱ ተውኔት ውስጥ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ እንደ መፈለግ ነው ይላል። የእኛዋም አያት በተረቱ ውስጥ ገመድ ስትወጣ አትታይም፤ ተረቱ ግን ከአፏ የወጣ ነው። ደግሞስ ኑዌሮች እግዚአብሔርን «ኩዎዝ» ይሉት የለ? ቃሉ መንፈስ ማለትም ነው። መንፈስ በመንኮራኩር መስኮት አይታይም።

ጠፈር የወጡት ሁሉ ባዶ ልብ ይዘው አልሄዱም። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ያረፈው በዝ ኦልድሪን የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ከመንኮራኩሯ ሳይወጣ ትንሽ ኅብስትና ወይን አውጥቶ የጌታን እራት ወሰደ። አስቡት! ያን ያህል ርቆ ሄዶ እጁ ላይ የያዘው በምድር የተቆረሰውን ሥጋ የሚያስታውሰውን ኅብስት ነበር።

የወንጌሉ ምሥጢር ይኸው ነው። ገመዱ ከታች አይወረወርም፤ ከላይ ይወርዳል እንጂ። ያዕቆብ በሕልሙ ያየውን መሰላል ጌታችን በዮሐንስ 1፥51 ከራሱ ጋር አያይዞ ተናግሮታል። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ 10 ማንም ወደ ሰማይ ልውጣ ብሎ እንዳይጨነቅ ይመክረናል፤ ክርስቶስ ወርዷልና።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት ልጆቻችሁን ወደ ደጅ አውጡ። ኮከቦቹን አሳዩአቸው። መዝሙር 8ን አንብቡላቸው፤ ስለ ሳተላይትም ንገሯቸው። አያት በቤት ካሉም ተረታቸውን ያውጉ፤ ማንም እንዳይስቅባቸው። ከዚያም «ገመዱን ማን ይቀጥለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ልጆቹ ራሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ታገሡ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።