ከድር ይሰግዳል ወይ?



ባለፈው ዓመት ሁለተኛው ሴሚስተር እንደ ተጀመረ፣ የቲያትር ጥበባት ተማሪ የሆነች እህታችን ወደ ጀመዓው የንባብ ክበብ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ ጸድቆላታል፦ በአማርኛ የቴሌቪዥን ድራማዎች ሙስሊሞች እንዴት ይታያሉ? ከእኛ የፈለገችው ብዙ አልነበረም። ድራማዎቹን ተከፋፍለን እንድናይና ያየነውን በደብተር እንድንመዘግብላት ብቻ ነው።

አንደብቃችሁም፤ መጀመሪያ ፊታችንን ነው ያጠቆርንባት። «ድራማ ማየትም ዒልም ሆነ?» ያለ ነበር። ስለ ሙዚቃው፣ ስለ አለባበሱ ያነሳም ነበር። (ይህን ካሉት መካከል ሌሊት በዶርም ብርድ ልብስ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚያድር እንዳለ እናውቃለን፤ ስም አንጠራም።) ጉዳዩን ለኡስታዛችን ስናቀርብላቸው፣ የማየቱ ሑክም አንድ ጉዳይ፣ ሳያጣሩ በሰው ላይ መናገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ እንደሆነ ነገሩን። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ የታዘዝንበትን አንቀጽም አስታወሱን። «ስለ ድራማው በየሻይ ቤቱ ስታማርሩ አልነበር? እንግዲያው አጣሩ» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ማማረሩን እናውቅበታለን። «ሙስሊም በድራማ ውስጥ ከባለሱቅነት አያልፍም፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ይወጣል» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ስለዚህ እሺ ስንላት ኒያችን ጥናት አልነበረም፤ ለአቤቱታችን ማስረጃ መሰብሰብ ነበር።

ደብተሩን አሰመርነው። ስም፣ ሥራ፣ አለባበስ፣ ሰላምታ፣ «ይሰግዳል ወይ?» የሚሉ ዓምዶች አወጣንለት። በመጀመሪያው ሳምንት ተጨቃጨቅን። በአንዱ ድራማ ከድር የሚባል ባለሱቅ አለ። ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዘይት በዱቤ ይሰጣትና ከታሪኩ ይወጣል። ሙስሊም ብለን እንመዝግበው? ከስሙ በቀር ምልክት የለውም። ሰላምታው «እንደምን አደርሽ» ነው፤ ሲሰግድም ሲጾምም አይታይም። በሌላው ድራማ ደግሞ ሳራ የምትባል ሐኪም አለች። ሳራ የእኛም የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ስም ነው። ከመካከላችን አንዱ የወሎ ልጅ ስለሆነ «በእኛ አገር በስም ሃይማኖት ልትለዩ? ቀልደኞች ናችሁ» ብሎ ሳቀብን። በመጨረሻ «አላወቅንም» የሚል ዓምድ ጨመርን። ከሁሉም ቀድሞ የሞላው እሱ ሆነ።

እህታችን በዚህ አልደነገጠችም። ጃክ ሻሂን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ከ900 በላይ የሆሊውድ ፊልሞችን መርምሮ ዐረቦች እንዴት እንደተሳሉ የዘረዘረበትን፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ አነሳችልን። እሱ የቆጠረው በአብዛኛው በግልጽ የሚታየውን ነው፤ ሽብርተኛውን፣ ሴሰኛውን ሼኽ፣ ደደቡን ባለጸጋ። «ስድብ ይቆጠራል፤ የእናንተ ችግር ግን የሌለውን ነገር መቁጠር ነው» አለችን። ከዚያ ሌላ መጽሐፍ አመጣች። በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ ኢፍጣር ያለውን ሰዓት ለእሱ ሰጠነው።

መጽሐፉ የለይላ አቡ ሉጉድ «ድራማስ ኦፍ ኔሽንሁድ» ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ስለ ግብጽ ቴሌቪዥን የሚያወራ። ግብጽ ስንባል የአዝሃር አገር፣ የታላላቅ ቃሪኦች አገር ብለን ነው የምናውቃት። የዐረቡ ዓለም የፊልም መዲናም እሷው ናት፤ ስቱዲዮ ምስር ሥራ የጀመረው በ1935 ነው፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በ1960 በጀማል ዐብዱናስር ዘመን። ዛሬም ድረስ ትልልቆቹ ተከታታይ ድራማዎች የሚጠበቁት በረመዳን ነው። ከእነሱ ስመ ጥሩ በ1987 የጀመረው «ለያሊ አል-ሒልሚያ» ነው። ደራሲው ኡሳማ አንዋር ዑካሻ የአንዲትን የካይሮ ሰፈር ሰዎች ከንጉሥ ፋሩቅ ዘመን አንስቶ ለዓመታት ተከትሏቸዋል። በአንድ ፓሻና በአንድ የገጠር ባላባት ጠብ ውስጥ የአገሪቱ ታሪክ ያልፋል።

እኛን የያዘን ግን ድራማው ሳይሆን ሴትዮዋ የሠራችበት መንገድ ነው። አንትሮፖሎጂስት ናት። ስቱዲዮ ገብታ ደራሲዎቹን በማነጋገር ብቻ አልቆመችም፤ በላይኛው ግብጽ በምትገኝ መንደር ከገበሬ ሴቶች ጋር፣ በካይሮም በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ቁጭ ብላ አብራቸው አየች። የካይሮ ደራሲ «ሕዝቡን ላስተምር» ብሎ የጻፈው ነገር እነዚያ ሴቶች ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። ሐዘኑን ያዝናሉ፣ ከተዋናዮቹ ጋር እንደ ጎረቤት ይተዋወቃሉ፣ ትምህርቱን ግን «የከተማ ሰው ነገር» ብለው ያልፉታል። ስክሪን ብቻ አይተው አገር አወቅን ማለት እንደማይቻል የገባን እዚህ ጋ ነው። ደብተራችን ውስጥ የተመልካች ዓምድ አልነበረም።

ቀጥሎ ያነበብነው ደግሞ ከአቤቱታችን ጋር ፊት ለፊት አጋጨን። አቡ ሉጉድ እንደምትለው በእነዚያ ዓመታት የግብጽ ድራማዎች ውስጥ ተራው ሰጋጅ ሰው፣ ሃይማኖቱ የዕለት ኑሮው የሆነ ሰው፣ ብዙም ቦታ አልነበረውም። መንግሥት ከታጠቁ ቡድኖች ጋር በተጋጨበት በ1990ዎቹ ግን ሃይማኖተኛው ብቅ አለ፤ አክራሪ ሆኖ። በ1994 ረመዳን የወሒድ ሓሚድ «አል-ዓኢላ» ታየ። በዚያው ዓመት ዓዲል ኢማም «አል-ኢርሃቢ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ፤ ርዕሱም «ሽብርተኛው» ማለት ነው።

እኛ ስንል የከረምነው «ደራሲዎቹ ሙስሊም ስላልሆኑ ረሱን» ነበር። በየማዕዘኑ አዛን በሚሰማባት፣ ደራሲውም ተዋናዩም ተመልካቹም በአብዛኛው ሙስሊም በሆነባት አገርስ ሰጋጁን ማን ረሳው? የዚያን ዕለት ቴምሩ በእጃችን እያለ መግሪብ እስኪገባ ማንም አልተናገረም። አቤቱታው ውሸት ነው ማለት አይደለም። መልሱ ግን በሃይማኖት መለየት ብቻ አላለቀም፤ ማን ይጽፋል፣ ማን ይከፍላል፣ ምን ይፈራል የሚለው ገባበት።

ፍርሃቱን ያገኘችው እህታችን ናት። ለጽሑፏ አንድ የድራማ ደራሲ አነጋገረች። ሙስሊም ገጸ ባሕርይ ሲጽፍ ለምን ስሙን ብቻ እንደሚሰጠው ጠየቀችው። «ሲሰግድ ባሳየው እጁን ያለ ቦታው አስቀመጠ ተብሎ ማን ይምረኛል? ስለዚህ እተወዋለሁ» አላት።

ይህን ስትነግረን አንዱ ወንድማችን አቀረቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ተዋናይ ውዱእ ሲያደርግ ቅደም ተከተሉን ስቶ ነበር። ትዕይንቱን ቆርጦ በየቴሌግራሙ የበተነው፣ «በዲናችን ቀለዱ» ብሎ የጻፈበት እሱ ነው። እኛም አጋርተነዋል። ሰውየው ምናልባት አክብሮ ሊያሳይ ፈልጎ ይሆናል፤ የጠየቀው አልነበረም። ከድርን ካሰገዱት እንጮሃለን፣ ካላሰገዱት ደግሞ ረሱን እንላለን።

ከመካከላችን አንዲት እህት ግን እስከ ዛሬም አልተስማማችም። «ፍርሃት ሰበብ ነው። ለጥይት ትዕይንት ባለሙያ የሚጠይቅ ሰው ለውዱእ ጎረቤቱን መጠየቅ አያቅተውም» ትላለች። ለእሷም እናደላለን። ስንፍናን ጥንቃቄ ነው ብሎ ማሳለፍ ደራሲውን መናቅ ይሆናል።

የመመረቂያ ጽሑፉ አልሐምዱሊላህ አልፏል። ከሠንጠረዦቹ አንዱ «አላወቅንም» የሚለው ዓምዳችን ነው። አማካሪዋ አስወጪው ብሏት ነበር፤ ተከራክራ አስቀረችው።

አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ የምታስበው ስለ ቱርክ ድራማዎች ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የሚናገሩ የቱርክ ሰዎች በየቤታችን ገብተዋል። እናቶቻችን በየማታው ስማቸው መሕመት ወይም ኤሊፍ የሆነ ሰዎች ሲያፈቅሩና ሲካካዱ ያያሉ። ገጸ ባሕርይው በቱርክኛ «አላህ» ሲል በአማርኛው ምን ይተካበታል? «ሰላሙን ዐለይኩም» ሲልስ? እናቶቻችን እነዚያን ሰዎች እንደ ሙስሊም ያዩአቸዋል ወይስ እንደ ፈረንጅ? ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የሰጠችን የቤት ሥራ ይህ ነው፤ ምንም ሳንጠይቅ አብረናቸው ቁጭ ብለን ማየት።

ከመካከላችን አንዷ መታገሥ አቅቷት እናቷን መሐል ላይ ጠየቀቻቸው። «ወይ ዝም ብለሽ እዪ፣ ወይ ቡናውን አፍዪ» አሏት።