ካፖርትና መንጠቆ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ባሕር ማዶ ስለ ቆየህበት ዓመት አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ፥ ስለ ትልልቆቹ ሕንፃዎችና ስለ ሙዚየሞቹ እንደምጽፍ ጠብቀው ይሆናል። እነርሱንስ አይቻቸዋለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ አስቀድመው ያዩአቸውና የጻፉላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ በእውነት ተምሬ የመጣሁት ነገር ቢኖር፥ ክረምት ሊገባ ሲል ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ባስ የተባለውን ዓሣ በምን ዓይነት ማባበያ ማጥመድ እንደሚገባ ነው። ይህም ትምህርት በነጻ አልተገኘም፤ አንድ ካፖርት አስከፍሎኛል።

በ2016 ዓ.ም. እናቴ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ አሜሪካ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ያረፍነውም ሜሪላንድ በሚኖሩት በታላቅ ወንድሟ ቤት ነበር። አጎቴ ሌሊት ታክሲ ሲነዱ ያድሩና ቀን ይተኛሉ። የዕረፍት ቀናቸው እሑድ ብቻ ስለ ሆነ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን ዘንጋችንን ይዘን ወደ ፖቶማክ ወንዝ እንሄድ ነበር። እኔ ዓሣ የሚጠመደው ጎሕ ሲቀድ ነው ብዬ አምን ነበርና ከሰዓት በኋላ መሄዳችን እንደ ስንፍና ይታየኝ ነበር። አጎቴ ግን «በብርድ ወራት ዓሣውም እንደኛ ፀሐይ ይጠብቃል፤ ውሃው ትንሽ ለዘብ የሚለው ከቀትር በኋላ ነው» ይሉኛል።

ከወንዙ ዳር አንድ የቆየ የእግር መንገድ አለ። ድሮ ጀልባዎችን በበቅሎ ይጎትቱበት የነበረው የቦይ ዳር መንገድ ሲሆን፥ ከዋሽንግተን ጆርጅታውን ተነሥቶ እስከ ከምበርላንድ ከተማ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እኛ የምናጠምደው ፖይንት ኦፍ ሮክስ ከተባለው ስፍራ፥ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ነበር። ዓሣው ስሞልማውዝ ባስ ይባላል፤ አፉ ጠበብ ያለ ማለት ነው። ሰውነቱ እንደ ነሐስ ያለ ቡናማ ሆኖ በጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ጥቁር መስመሮች አሉት፤ ዓይኑም ቀላ ያለ ነው። የሚያስገርመው ግን የዚያ ወንዝ ተወላጅ አለመሆኑ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. ከተራራው ማዶ፥ ከኦሃዮ ወንዝ ገባሮች ተይዞ፥ በባቡር ሞተር የውሃ ጋን ውስጥ ተጭኖ መጥቶ ከምበርላንድ ላይ ተለቀቀ ይባላል። አጎቴ ይህን ታሪክ በነገሩኝ ቁጥር «እርሱም እንደኔ ስደተኛ ነው» ብለው ይስቃሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በኅዳር መጀመሪያ ላይ እናቴ ከምትቀበለው የትምህርት ድጎማ ቆጥባ 90 ዶላር ሰጠችኝና «ብርዱ ሳይብስ ካፖርት ግዛ» አለችኝ። ካፖርት የሚሸጥበትና የዓሣ ማጥመጃ የሚሸጥበት ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ባይሆኑ ኖሮ ይህ ጽሑፍም ባልተጻፈ ነበር። ግድግዳው ሙሉ ማባበያ ተሰቅሎበታል፤ ዓሣ የሚመስል፥ እንቁራሪት የሚመስል፥ ጠሐይ ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ፥ ሲናወጥ የሚንኳኳ። አምስት መረጥሁ፤ ሁሉም ትልልቆችና ደማቆች ናቸው። አንዱ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ ሆዱ ላይ ሦስት ሦስት ጫፍ ያላቸው ሁለት መንጠቆዎች ነበሩት። ሒሳቡ 71 ዶላር ሆነ። ለእናቴም «የኔ ልክ አልቋል፤ በሚመጣው ሳምንት ይመጣል ብለውኛል» ብዬ ዋሸሁ።

ሳምንቱ አለፈ፤ ሌላም ተጨመረ። በኅዳር አጋማሽ እሑድ፥ በስስ ሹራብ ሆኜ ወንዙ ዳር ቆምሁ። አጎቴ በሲባጎ ያሰሩት የሙቀት መለኪያ ነበራቸው፤ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆይተው ሲያወጡት 8 ዲግሪ አሳየ። በጥቅምት ወር 15 ነበር። እኔም ሁለቱን ማባበያዎች ከካርቶናቸው አውጥቼ፥ በጥቅምት እንደማደርገው ሩቅ እየወረወርሁ ቶሎ ቶሎ ጠቀለልሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስወረውር ምንም የነካኝ የለም። ጣቶቼ ደንዝዘው የክሩን ቋጠሮ እንኳ መፍታት አቃተኝ።

አጎቴ አዲሶቹን ማባበያዎች አዩ፤ ቀጥሎም ሹራቤን አዩ። ምንም አልተናገሩም። ካፖርታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉና ቁልፉን ራሳቸው ቆለፉልኝ። እምቢ ብል «ዝም በልና እጅህን አሙቅ» አሉኝ።

ከዚያም ከኪሳቸው ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። ውስጡ ያለውን አይቼ አዘንሁላቸው፤ ከጥፍር የማይበልጥ የእርሳስ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ላይ የሚዳቋ ጅራት ጠጉር በክር ታስሮበታል። ጥቁርና ቡናማ ብቻ ነው። ክብደቱ ሦስት ግራም ተኩል ያህል ነው። ጂግ ይሉታል። ራሳቸው ማታ ማታ ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያስሩት ነው።

«ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም» አሉኝ። «ውሃው ሲበርድ እርሱም ይበርዳል፤ የበላውን ለመፍጨት ብዙ ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ብዙ አይበላም፥ አይሮጥምም። ያንተን ቢጫ ሩጫ ማን ይከተለዋል?» ከወራጁ ውሃ ወጥቶ፥ ከትልልቅ ድንጋዮች ኋላ ውሃው ጸጥ ብሎ በሚተኛበት ጥልቅ ስፍራ ይተኛል። ስለዚህ ማባበያው ትንሽ፥ ወደ ታች ወርዶ መሬቱን የሚዳስስና የሚዘገይ መሆን አለበት። ጠጉር የተመረጠበትም ምክንያት አለው፤ ፕላስቲኩ ትል በብርድ ሲደርቅ ጠጉሩ ግን ቆሞም ቢሆን በውሃው እንቅስቃሴ ብቻ ይተነፍሳል። ቀለሙም ከታች ድንጋይ ለድንጋይ የሚሄደውን ክሬይፊሽ የተባለውን ባለ ጉጠት ፍጥረት ይመስላል። ደማቅ ቀለም የሚጠቅመው ዝናም ዘንሞ ውሃው ሲደፈርስ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ እስኪቆጠር ድረስ ጠርቶ ነበር።

ክሩንም ለወጡልኝ። እኔ የምወደው የተጎነጎነው ክር ውሃ ይዞ ስለሚመጣ፥ ብርዱ ሲጠና በዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ይሠራል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ቀጭን ክር ግን ወደ ታች ይሰምጣል፥ በጠራ ውሃም ብዙ አይታይም፤ ሦስት ኪሎ ያህል የሚችለው በቂ ነው። ዘንጉ ረዘም ብሎ ጫፉ ለስላሳ ይሁን ይላሉ፤ ይኸውም በቀጭኑ ክር ላይ ዓሣው በድንገት ሲጎትት እንዳይበጥሰው ነው።

«አሁን ወርውርና እስኪያርፍ ጠብቅ። ካረፈ በኋላ አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ እስክትደግም አትንካው። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ሳብና እንደ ገና ድገም። እንደ ጥቅምቱ ነጥቆ አይሄድም፤ ክሩ እርጥብ ቅጠል የያዘ ያህል ከበድ ካለህ፥ እርሱ ነው።»

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ጸሎት ላይ ክሩ ከበደኝ። ቅጠል መስሎኝ ነበር፤ ቅጠሉ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ወደ ዳር ሳመጣው አጎቴ እጃቸውን አስቀድመው በውሃው አርጥበው ያዙት፤ በደረቅ እጅ ከተያዘ ሰውነቱን የሚጠብቀው ልጋግ ይላጣልና። 38 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ አልተነሣም፤ አጎቴ የያዙትን ሁሉ መልሰው ይለቃሉና። ቀስ ብሎ ወደ ድንጋዩ ሥር ሲመለስ አየሁት። ዘወር ስል የአጎቴ ከንፈር ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል በሹራብ ብቻ ቆመዋል።

ሰኞ ማታ ትኩሳት ያዛቸው። ማክሰኞና ረቡዕም አልነዱም። ታክሲው የኪራይ ስለ ሆነ፥ ተነዳም አልተነዳም ለባለቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ አይቀርም። እናቴ ሾርባ እያቀረበችላቸው «ጋሼ፥ በዚህ ብርድ ያለ ካፖርት ምን አቆመህ?» ብትላቸው፥ «ሞቆኝ አወለቅሁት» አሉ። ከዚያ ወደኔ ሳይመለከቱ ሾርባቸውን ጠጡ።

ያችን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢነግሩብኝ ይቀለኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት እናቴ ቡና ስታፈላ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት። አልጮኸችብኝም። ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ያልተከፈቱት ስንት ናቸው?» ብቻ አለችኝ። ሦስት ነበሩ። አብራኝ ሄዳ፥ ሻጩ ፊት ቆሜ ራሴ እንድናገር አደረገችኝ፤ 43 ዶላር ተመለሰልን። ከቀረው 19 ጋር 62 ሆነ። ልባሽ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅም በ25 ዶላር እጅጌው ጣቴን የሚሸፍን ቡናማ ካፖርት ገዛን። የተረፈውን 37 ዶላር ለአጎቴ ብትሰጣቸው እምቢ አሉ፤ ብዙ ከተለመኑ በኋላ 6 ዶላር ብቻ ተቀበሉ። በእርሱም የሚዳቋ ጅራት ገዙበት።

በታኅሣሥ ሁለተኛው እሑድ ውሃው 5 ዲግሪ ሆኖ አገኘነው። ሁለታችንም ካፖርት ለብሰን ነበር፤ ምንም አልያዝንም። ወደ መኪናው ስንመለስ አጎቴ እጅጌዬን ሁለት ጊዜ አጥፈውልኝ «ለሚመጣው ዓመትም ይበቃሃል» አሉኝ። እነሆ ዘንድሮ እጅጌው ልኬ ሆኗል። ቢጫውን ማባበያ ደግሞ አሁንም ደብተሮቼ መካከል አስቀምጬዋለሁ፤ ሐይቅ ወይም ወንዝ አጠገብ የሚኖር የክፍል ጓደኛ ውሃ በደፈረሰ ጊዜ ሊሞክረው ቢፈልግ መጥቶ ይውሰደው።