ለመንገድ የሚሆን ክራር

የክር መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ የኳየር ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሌሎቻችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

ሐይቅ ላይ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «በገና ይሻላል ወይስ ክራር?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋጋ ብቻ አይደለም። በገና ሲባል ዳዊት ይታወሰናል፤ ክራር ሲባል ግን ጠጅ ቤት። ወጣት ክራር ታቅፎ ወደ አምልኮ ሲገባ ፊታቸው የሚከብድ አባቶች አሉን። አትናቋቸው። አንዳንዶቹን ጌታ ያወጣቸው ከዚያው ሕይወት ነው፤ ድምፁን ሲሰሙ የሚታያቸው እኛ የማናየው ነገር ነው።

ቢሆንም ቃሉን ገልጠን እንይ። በአማርኛው 1ኛ ሳሙኤል 16 ዳዊት በሳኦል ፊት የደረደረው በገና ነው። በዕብራይስጡ ኪኖር ይባላል፤ ኪኖር በክንድ ታቅፈው የሚመቱት ትንሽ የክር መሣሪያ ነበር። በመዝሙር 137 ምርኮኞቹ በባቢሎን ዛፍ ላይ የሰቀሉትም ያው ኪኖር ነው። እስቲ አስቡት፤ ምርኮኛ ያን ያህል መንገድ ይዞት የሚሄድ፣ ቅርንጫፍም የሚችለው መሣሪያ ምን ያህል ቢሆን ነው? በመጠን ካየነው ለዳዊት መሣሪያ የሚቀርበው ክራራችን ነው።

በገናን ለማሳነስ አይደለም። አሥሩ ጅማቶች የሚሰጡት ያ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ለጥሞና የተፈጠረ ይመስላል፤ የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን በዐቢይ ጾም ሲደረድሩት ቆሜ አዳምጫለሁ። ግን ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ የሚደረደረው ተቀምጠው ነው፣ ያለ ማይክም ድምፁ ከፊተኛው መቀመጫ ብዙ አይርቅም።

እኛ ደግሞ መንገደኞች ነን። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ በአስፋልቱ መኪና አለ፤ ከዚያ ወደ አምባሰል ተራሮች ብዙው የእግር መንገድ ነው። መብራት ወደሌለበት ቀበሌ ኪቦርድ ተሸክሞ የወጣ ኳየር ጠረጴዛ ተሸክሞ እንደወጣ ቁጠሩት። ክራር ግን በነጠላ ተጠቅልሎ ትከሻ ላይ ይወጣል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ቅኝቱ ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶች የሚቆጠረው አምባሰል፣ ስሙ የዚሁ ተራራ ነው። በዘፈኑ ዓለም ማሪቱ ለገሠ ትታወቅበታለች፤ ቅኝቱ ግን የዘፈን ብቻ ንብረት አይደለም። ኪቦርድ የምትጫወቱ ሞክሩት፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፤ ነጮቹ ቁልፎች ብቻ ይበቃሉ። አምስቱ ድምፆች በአምስት ክሮች ላይ ይቀመጣሉ፤ ስድስተኛው ክር አንዱን በኦክታቭ ይደግማል። የገጠር እናቶች ከከተማ የመጣ መዝሙር በትዕግሥት ያዳምጣሉ፤ በአምባሰል ሲመጣላቸው ግን ሁለተኛው አዝማች ላይ አብረው ይቀበላሉ። ወንጌል የባዕድ ነገር አለመሆኑን ከስብከቱ በፊት ዜማው ይነግራቸዋል።

እንግዲህ ስትገዙ ለግድግዳ ጌጥ ከተሠራው ተጠንቀቁ፤ መልኩ ያምራል፣ ቅኝት ግን አይዝም። ቆዳውን በጣት መታ አድርጉት፤ እንደ ከበሮ ይመልስላችሁ። ክሩን ቃኙና ከሻጩ ጋር ትንሽ አውሩ፤ ተመልሳችሁ ስትመቱት ድምፁ ከወረደ መቃኛው ይንሸራተታል ማለት ነው። ሶኬት ያለው ኤሌክትሪክ ክራር ለከተማ አዳራሽ ጥሩ ነው፤ ለተራራ ግን ያው ኪቦርዱን መሆኑ ነው። ክሩ ናይለን ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሲበጠስ የዓሣ ማጥመጃ ክርም ይተካዋል፣ ሐይቅ ላይ ደግሞ እሱ አይጠፋም።

ገዝታችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ መድረክ አይሁን። ፊታቸው ወደሚከብደው አባት ቤት ሂዱ፤ ቡና ሲፈላ አንድ የሚወዱትን የቆየ መዝሙር በአምባሰል ደርድሩላቸው። እሺ ካላሉ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ዳገት ስትወጡ ፀሐይ ቆዳውን ይወጥረዋል፣ ጭጋግ ያላላዋል። ስለዚህ እንደደረሳችሁ አትቃኙ። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ክራሩም ጥላ ውስጥ ይረፍ፤ ከዚያ ቃኙት። ሁለት መለዋወጫ ክር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።